ማሚቱን ማን አስተማራቸው? ከእሳቸው በኋላስ?

እስከ 2005 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንደዚያው) ድረስ ከየጁቤ፣ ከቢቸና ወይም ከሞጣ ተነስታ ለፊስቱላ ሕክምና የምትሄድ ሴት መዳረሻዋ አዲስ አበባ ነበር። የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ መሻገር አለባት። ሽንቷን መቆጣጠር ላቃታት ሴት ደግሞ ከሰው ተጠግቶ መቀመጡ ራሱ ፈተና ነው። በዚያ ዓመት ባሕር ዳር ላይ የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ሲከፈት መንገዱ አጠረ። ስለ ሕንፃው ብዙ ተወርቷል። እዚያ ገብቶ የሚያክመው ሰው ከማን ተማረ የሚለው ግን እምብዛም አይነሳም።

ነገሩ የሚጀምረው ካለማወቅ ነው። ዶ/ር ሬጂናልድ ሐምሊን እና ባለቤታቸው ዶ/ር ካትሪን በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። ፊስቱላን ከዚያ በፊት አይተውት አያውቁም። ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ጭንቅላት የሽንት ፊኛን ከዳሌ አጥንት ጋር ይጫነዋል፤ ደም ያጣው ሥጋ ይሞትና ቀዳዳ ይቀራል። በአውስትራሊያ ይህ ከመጽሐፍ ውስጥ ብቻ የቀረ ነገር ነበር። ስለዚህ እንደገና ተማሪ ሆኑ። የካይሮውን ናጊብ ማህፉዝ ፓሻን የመሳሰሉ ሐኪሞች የጻፉትን አጠኑ። (ኖቤል ያገኘው ግብፃዊ ደራሲ በእኚሁ ሐኪም ስም ነው የተሰየመው።)

ተምረውም ዝም አላሉም። በ1969 በምጥ ጨርሶ የጠፋን የሽንት ቱቦ መልሶ ስለ መሥራት በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽሑፍ አወጡ፤ ካትሪን የፈረሙት በአባታቸው ስም፣ ኒኮልሰን ብለው ነው። የራሳቸው ሆስፒታል የተከፈተው ከዚያ አምስት ዓመት ቆይቶ ነው።

ወ/ሮ ማሚቱ ጋሼ በ1962 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ በታካሚነት መጡ። ፊደል አልቆጠሩም ነበር። ከታከሙ በኋላ አልጋ ማንጠፍ፣ ሌሎች ታካሚዎችን መርዳት፣ ቆይቶም በቀዶ ሕክምና ክፍል ማገዝ ጀመሩ። ሬጂናልድ ሐምሊን ሥራውን ደረጃ በደረጃ በእጃቸው አስያዟቸው። ውሎ አድሮ ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች ከማሚቱ ይማሩ ጀመር፤ በ1989 ደግሞ የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሐምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው። ይህን ታሪክ ስንናገር እንደ ተአምር እናቀርበዋለን። ተአምር አልነበረም። አንድ ሰው በየቀኑ አጠገባቸው ቆሞ አስተምሯቸው ነበር።

እጅ ብቻውን የማይፈታው ጥያቄ ግን አለ። ቀዳዳው በደንብ ተዘግቶም ሽንቷ የሚፈስባት ሴት አለች። ለምን? ባሕር ዳር ይሠሩ የነበሩት አውስትራሊያዊ ሐኪም አንድሩ ብራውኒንግ መልሱን የፈለጉት ከታካሚዎች መዝገብ ነው። ጉዳቱ የሽንት ቱቦውን ሲነካ፣ ፊኛው ሲጠብና ጠባሳው ሲበዛ ችግሩ እንደሚቀር በ2006 አሳተሙ። ዶ/ር ሙሉ ሙለታ ደግሞ ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር የ14,928 ኢትዮጵያውያን ሴቶችን መረጃ አጥንተው በ2010 አወጡ። ይህን ያህል ታሪክ ለዓመታት መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ጥያቄ ይዞ የሚቀርበው ሰው ነው የጠፋው።

መርፌ አያያዝ የሚያሳይ አስተማሪ እንደምንም ይገኛል። ጥያቄ እንዴት እንደሚቀረጽ፣ መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ፣ ያልተሳካው ውጤት ለምን እንደማይደበቅ የሚያሳይ ግን ጥቂት ነው። ለዚህ ሥራ ቀን ያስፈልጋል፤ ተረኛው ወጣት ሐኪም ደግሞ ቀን የለውም። በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ዘርፍ የስፔሻሊቲ ቀጣይ ሥልጠና ተጀምሮ ነበር፤ ኋላ ግን ጦርነቱ ደረሰበት።

ለአዋላጆች መንገዱ ተገኝቷል። በ2007 የተከፈተው የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ከገጠር ተማሪ ይመለምላል፣ አሠልጥኖም ወደመጣችበት አካባቢ ይመልሳል። በደብረ ማርቆስ ላለው ጀማሪ ሐኪም ግን እንዲህ የታሰበለት አይመስልም። ታክማ ወደ የጁቤ የተመለሰችውን ሴት ከስድስት ወር በኋላ ደውሎ «አሁንስ ይፈስሻል?» ብሎ የሚጠይቃት፣ መልሷንም የሚመዘግበው እሱ ነበር።