ለማያመው እግር የተሠራ ጫማ

ዘነበወርቅ የሰፈር ስም ከመሆኑ በፊት የሰው ስም ነበር። የታክሲ ረዳቱ «ዘነበወርቅ! ዘነበወርቅ!» እያለ ሲጣራ ሳያውቀው የሚጠራው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያረፉትን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ልጅ፣ ልዕልት ዘነበወርቅን ነው። በዚያው ዘመን ከከተማው ወጣ ብሎ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተሠራው ሆስፒታል በስማቸው ተጠራ፤ ሰፈሩም ስሙን ከሆስፒታሉ ወሰደ። «ከከተማው ወጣ ብሎ» የሆነው ደግሞ በአጋጣሚ አይደለም። በሽተኛው እንዲርቅ ነበር የተፈለገው። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣው ሰው ታክሞ ሲያበቃ የሚቀበለው ቤተሰብ ስለማያገኝ እዚያው ጎጆ ቀለሰ፣ ልጅ ወለደ፣ ሰፈር ሆነ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አጋዥ ቴክኖሎጂ እንዲነድፍና ገበያ እንዲያወጣ እናሠልጥን ሲባል በሰማሁ ቁጥር ይሄ ሰፈር ይታወሰኛል። ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፦ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ለዓይነ ስውር የሚጮህ ምርኩዝ ይሠራል፤ ሴንሰር፣ ባትሪ፣ ትንሽ ኮድ። ፈታኞቹ ያጨበጭባሉ፣ ፎቶ ይነሳል፣ ምርኩዙ ካቢኔት ውስጥ ይገባል። ተጠቃሚው የት አለ? ብዙ ጊዜ ከጅምሩም አልነበረም።

ዘነበወርቅ ላይ ጥያቄው የተነሳው ከስልሳ ዓመት በፊት ነው። በ1958 ዓ.ም. ከነባሩ ሆስፒታል ጋር ተያይዞ አለርት ተቋቋመ፤ ስሙ ሲፈታ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ማለት ነው። ከመሥራቾቹ መካከል ከውጭ ድርጅቶችና ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሌላ የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይገኝበታል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ከዚህ ሰፈር ጋር ሥራ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የጤና ባለሙያዎች ለሥልጠና እዚህ መጡ። ግቢው ውስጥም ሰው ሠራሽ እግርና ጫማ የሚሠራበት ወርክሾፕ ነበር።

ጫማው ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ከአለርት አመሠራረት ጋር ስሙ የሚነሳውን ፖል ብራንድ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ማወቅ ያስፈልጋል። ብራንድ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ ደቡብ ሕንድ፣ ቬሎር ውስጥ ሲሠራ አንድ የቆየ እምነት አፈረሰ። ያኔ የሥጋ ደዌ ጣትን «ይበላል» ይባል ነበር። እሱ ያየው ግን ሌላ ነው፤ ባክቴሪያው ነርቭን ያደነዝዛል፣ እግሩን የሚጨርሰው ሕመም አለመሰማቱ ነው። እኔና አንተ ረጅም መንገድ ስንሄድ ሳናስበው አረጋገጣችንን እንቀያይራለን፣ ጠጠር ከገባብን እናነክሳለን። የደነዘዘ እግር አያነክስም። ያንኑ ቦታ በሺህ የሚቆጠር እርምጃ ይረግጥበታል፤ ይቆስላል፣ ቁስሉ አጥንት ይደርሳል፣ ከዚያ መቁረጥ ይመጣል።

መፍትሔው ሲነገር በጣም ቀላል ይመስላል። ከውስጥ በጥቃቅን የአየር ቀዳዳ የተሞላ ለስላሳ ጎማ፣ ከሥር እሾህ የማያሳልፍ ጠንካራ ሶል፣ ለጣቶች ሰፋ ያለ ቦታ፣ ሚስማር ፈጽሞ የሌለበት። ሚስማር ብቅ ቢል ባለቤቱ አያውቅማ!

እዚህ ላይ ለኛ ለሶፍትዌር ሰዎች የምትሆን ታሪክ አለች። ብራንድ በኋላ ወደ አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ሄዶ ከኢንጂነሮች ጋር ሰው ሠራሽ ሕመም ለመሥራት ሞከረ። ጓንትና ካልሲ ውስጥ ሴንሰር ገባ፤ ጫና ሲበዛ ጆሮ ላይ ድምፅ ያሰማል። ሰዎቹ ድምፁን ችላ አሉት። ስሜት ባለው የሰውነት ክፍል ላይ የኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲሰጥ ተደረገ። እሱንም ሥራ ሲያስቸግራቸው አጠፉት፣ ሥራቸውን ጨርሰው መልሰው አበሩት። ዓመታት ከፈጀ በኋላ ፕሮጀክቱ ቀረ። ማጥፊያ ያለው ሕመም ሕመም አይሆንም። ጎማው ግን ቀጠለ።

ግን ጎማውም ችግር ነበረበት። ለበሽታው ተብሎ የተሠራ ጫማ ከሩቅ ይታወቃል። ወፍራም ነው፣ ቅርፁ ለየት ይላል፤ ያደረገው ሰው ገበያ ሲገባ በሽታውን እግሩ ላይ ጽፎ እንደመሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የመድኃኒት ቅንጅቱ መጥቶ ባክቴሪያው በአጭር ጊዜ የሚጠፋ ሆነ፤ የሞተ ነርቭ ግን አይመለስም፣ አሉባልታውም አይድንም። ስለዚህ ሐኪሙ ያዘዘው ጫማ ቤት ይቀመጣል፣ ሰውየው በባዶ እግሩ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ የአለርት ባለሙያዎች ጥናት በገጠር በልክ የሚሠራውን ልዩ ጫማ ከተራ የሸራ ጫማ ጋር አወዳድሮ ነበር። ሸራው ረከሰ፣ ሰዎቹም ወደዱት። ሁሉም ሰው የሚያደርገው ጫማ ነዋ። እኔን ከጠየቃችሁኝ በዚህች አገር የአጋዥ ቴክኖሎጂ ታሪክ ውስጥ ትልቁ የዲዛይን ግኝት ይሄ ነው፤ ማንም ግን እንደ ዲዛይን አይቆጥረውም።

የታሪኩ ሌላ ግማሽ ደግሞ እዚያው ሰፈር፣ ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ ነው ያለው። ቤተልሔም ጥላሁን ያደገችው ዘነበወርቅ ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በአያቷ ግቢ ሶልሬብልስን ስትጀምር መነሻዋ ሁላችንም የምናውቀው በረባሶ ነበር፤ የመኪና ጎማ ሶል፣ በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ጨርቅ፣ ሙያ እያላቸው ሥራ ያጡ የሰፈር ሰዎች። ጫማው በኢንተርኔት ተሸጠ፣ ውጭ አገር ሱቅ ተከፈተለት። የገዛው ሰው የገዛው አዝኖ አይደለም፣ አምሮት ነው።

አንድ ሰፈር ውስጥ እግር የማያቆስል ጫማ የሚያውቁ ሰዎችና ጫማ ለዓለም መሸጥ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ተማሪዎችን አሠልጥኖ ገበያ ማስገባት ከታሰበ ሁለቱም ጋ መላክ ነው። መጀመሪያ ቁስል የሚታሰርበት ክፍል፣ ከዚያ ጫማ የሚሰፋበት፣ ከዚያ ዋጋ የሚተመንበት። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ሪፖርት አጋዥ መሣሪያ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት በአንዳንድ ድሃ አገሮች 3 በመቶ ብቻ ናቸው። ይሄን ክፍተት በእርዳታ ብቻ መሙላት አይቻልም፤ የእርዳታ ጫማ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ያልቃል፣ ጫማ ግን በየጊዜው ይቀየራል።

ገዢ የለም የሚል ካለ ደግሞ የስኳር ሕመም አለ። ስኳር እግርን የሚያደነዝዘውና የሚያቆስለው በዚያው መንገድ ነው፤ ብራንድ ራሱ አሜሪካ ውስጥ ከሥጋ ደዌ የተማረውን ለስኳር ሕሙማን እግር አውሎታል። እነዚህ ሰዎች በየቢሮው፣ በየሱቁ፣ በየቤታችን አሉ፤ ብዙዎቹም ከኪሳቸው ጫማ የሚገዙ ናቸው። መርካቶ ጫማ ተራ ሲገቡ ቁጥራቸውን ይጠየቃሉ። እግራቸው ይሰማው እንደሆነ የሚጠይቃቸው የለም።