ከጎታ እስከ ባሕር ዳር

ኢትዮጵያውያን ከጀርመኖች ጋር የጀመሩት የቋንቋ ትምህርት መምህሩ ኢትዮጵያዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1652 የአማራው ሰው አባ ጎርጎርዮስ በጀርመን እስከምትገኘው ጎታ ድረስ ሄደው ጀርመናዊውን ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍን ግዕዝና አማርኛ አስተማሩት፤ የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው በ1698 ፍራንክፈርት ላይ ታተመ። ዝናው ግን ለደቀ መዝሙሩ ሆነ።

ከስላቭ ቋንቋዎች አንዱ የሆነው ሩሲያኛ ደግሞ ወደ ጣና ሐይቅ ዳርቻ የገባው በሙያ ትምህርት በኩል ነው። በባሕር ዳር በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊ ቴክኒክ ተቋም ተቋቋመ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ብዙ ወጣቶች ወደ ሶቪየት ኅብረት ተላኩ፤ ሕክምና ወይም ምህንድስና ሊማር የሄደው ሁሉ በቅድሚያ በመሰናዶ ፋኩልቲ ሩሲያኛ ይማር ነበር። ወደ ምሥራቅ ጀርመን ለሄዱት ተማሪዎች ደግሞ ጀርመንኛን በዋናነት የሚያስተምረው የላይፕዚግ ሄርደር ተቋም ነበር። ቋንቋዎቹን ራሳቸውን የጥናት መስክ ያደረጉት ግን ጥቂቶች ናቸው። የባሕር ዳሩ ፖሊ ቴክኒክ በ2000 ከከተማዋ የመምህራን ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ።