ከእንጦጦ ማገዶ እስከ ኤሌክትሪክ አውቶሞቢል



በዚህ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች እርስ በርሳቸው የሚጠያየቁት አንድ ነገር አለ። «የቤንዚን መኪናዬን ሸጬ የኤሌክትሪክ ልግዛን ወይስ ባለችው ልቆይ?» ይባባላሉ። ጥያቄው የኪስ ብቻ ይመስላል። ዳሩ ግን የአዲስ አበባን ታሪክ ለሚመለከት ሰው፣ ከተማዪቱ ገና በሕፃንነቷ የዚህ ዓይነት ጥያቄ ገጥሟት እንደ ነበረ ግልጥ ነው። ስለዚህ ለዛሬ ወደ እንጦጦ ማርያም ደጅ ወጥተን ነገሩን ከዚያ ላይ ሆነን እንመልከተው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. እንጦጦን መናገሻቸው ባደረጉ ጊዜ፣ ተራራው ለመከላከል የሚያመች አምባ ነበረ። በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። ይሁን እንጂ ቦታው ብርዳም ነው፤ ማገዶውም ከዓመት ወደ ዓመት እየራቀ ሄደ። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውሃው ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ ሕዝቡ እየተከተለ ሰፈረ፤ የማገዶው ችግር ግን አብሮት ወረደ። በዙሪያው የነበረው ደን ለቤት ሥራና ለምድጃ እየተቈረጠ በማለቁ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር።

ከተማዪቱን በቦታዋ ያጸናት ከአውስትራልያ ምድር የተገኘው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቈርጡትም ከጉቶው ያቈጠቍጣል። ሰው ሁሉ በየግቢው ስለ ተከለው፣ ማገዶ ከሩቅ ተራራ የሚጠበቅ መሆኑ ቀርቶ ከደጃፍ የሚገኝ ሆነ። የአዲስ ዓለሙም ቤተ መንግሥት ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። በእርግጥ ባሕር ዛፍ ውሃ አብዝቶ በመጠጣቱ ይወቀሳል፤ ቅጠሉንና ጭራሮውን ከእንጦጦ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችም ድካሙን ያውቁታል። ዕዳ የሌለበት ማገዶ የለምና።

የመጀመሪያዪቱ አውቶሞቢል ወደ አገራችን የደረሰችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌ የተባለው እንግሊዛዊ በሲድሌይ አውቶሞቢል ብዙ ምድረ በዳ አቋርጦ መጥቶ ለዐፄ ምኒልክ አቀረበ። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ አውቶሞቢል በቤንዚን ይሂድ ወይስ በኤሌክትሪክ የሚለው ገና አልተቈረጠም ነበር። እንደ ኤሮፓ አቈጣጠር በ1899 ዓ.ም. ዤናትዚ የተባለው ቤልጂካዊ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሮጠው በኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ነው። በአሜሪካም በ1900 ዓ.ም. ከአውቶሞቢሎቹ ሢሶ ያህሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ነበሩ። በኋላ ግን ነዳጅ ረከሰ፤ ፎርድም አውቶሞቢልን በብዛትና በርካሽ ሠራ፤ በ1912 ዓ.ም. ደግሞ ሞተርን በእጅ ማዞር የሚያስቀር ማስነሻ ተገኘ። ባትሪው ከባድና አጭር መንገድ የሚሄድ በመሆኑ የኤሌክትሪኩ ተሸነፈ። እንግዲህ ዛሬ አዲስ እንግዳ የሚመስለን የጥንት ተወዳዳሪ ነው።

ቤንዚን አገራችንን ምን እንዳስከፈላት በአገር አቈጣጠር እናስታውስ። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ በወረረችን ጊዜ የመንግሥታት ማኅበር ማዕቀብ ቢጥልም ነዳጅን ስላልጨመረበት፣ የወራሪው ካሚዮንና አውሮፕላን ሳይቸገር ሠራ። በ1966 ዓ.ም. የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲንር መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ ጨመረ፤ የአዲስ አበባ ባለ ታክሲዎችም በየካቲት ወር ሥራ አቆሙ፤ ይህም ለአብዮቱ መነሻ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ከሌላ አገር ጕድጓድ የሚቀዳ፣ በሌላ አገር ወደብ የሚገባና በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ያለ አደጋ አለበት። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ያስታወቀው ከዚሁ የተነሣ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ግን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ሲሆን፣ ውሃው የራሳችን ነው።

አሁን መኪናዪቱን ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ማርያም እናውጣት። ከነተሳፋሪዎቿ 1,800 ኪሎ የምትመዝን መኪና 500 ሜትር ከፍታ ለመውጣት፣ ለሽቅብታው ብቻ ወደ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋታል፤ ይህም 50 ኪሎዋት ሰዓት ከሚይዝ ባትሪ ከሃያ አንድ እጅ ነው። ስትወርድም ሞተሩ በተራው ኤሌክትሪክ እያመነጨ ከፊሉን ይመልሳል። በአንጻሩ ተራ የቤንዚን ሞተር በዚያ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። ከቤት ግድግዳ በሚወጣ 2 ኪሎዋት ኃይል ስምንት ሰዓት ሌሊቱን የሞላች አነስተኛ መኪናም ወደ 100 ኪሎ ሜትር ልትሄድ ትችላለች፤ ይህም ከቤት ወደ ቢሮ ለሚመላለስ ሠራተኛ ይተርፋል።

ነገር ግን ጕድለቱን መሸሸግ አይገባም። የዋጋው ትልቁ ክፍል ባትሪው ነው፤ ባትሪም ከዓመታት በኋላ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። መብራት ይጠፋል፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ባትሪ መሙያ ጣቢያ ጥቂት ነው፤ ዕቃውን የሚያውቅ መካኒክም እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ሌሊት የት እሞላታለሁ? መንገዴስ እስከ የት ነው? ብትበላሽ ማን ይጠግናታል? የራሱ ግቢና ቈጣሪ ያለው፣ መንገዱም ከከተማ የማይወጣ፣ መካኒክም ያገኘ ሰው ሳይፈራ ይለውጥ። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ወይም በየወሩ ወደ ጎጃምና ወደ ወሎ የሚሄድ ግን በደኅና የቤንዚን መኪናው ጥቂት ቢቆይ አስተዋይ ይባላል እንጂ ወደ ኋላ የቀረ አይባልም።

ቀሪው ነገር የእናንተ የመንግሥት ሠራተኞች ነው። የመኖሪያ ቤት ፕላን የምትመረምሩ፣ የመሥሪያ ቤት ግቢ የምታስተዳድሩ፣ የመስመር ዝርጋታ የምትፈቅዱ ሁሉ፣ በየመኪና ማቆሚያው መሙያ እንዲተከል ብታደርጉ ለጎረቤታችሁ ጥያቄ መልስ ሰጣችሁ። አዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም ከመሰደድ የዳነችው ማገዶው በየሰው ደጅ ስለ በቀለ ነው። ኤሌክትሪኩም በየደጁ ሲደርስ ሰው ያለ አስገዳጅ ይለውጣል።