የደጋ ከተማ ፍሳሽና የቆላ ምርምር፤ ስለ ሮቤና ጎባ

የፍሳሽ ማጣራት ታሪክ ብዙ ጊዜ የታላላቅ ቱቦዎችና የታላላቅ ገንዳዎች ታሪክ ሆኖ ይጻፋል። ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉት አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ስፍራ የላቸውም። በባሌ ደጋ የሚገኙት የሮቤና የጎባ ነዋሪዎችም የሚታመኑት በየግቢያቸው በተቆፈረው ጉድጓድ ነው። ነገሩ የሁለቱ ከተሞች ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሻያና የቶጎና ወንዞች ወደ ወይብ ይገባሉ፤ ወይብም በሶፍ ዑመር ዋሻ አልፎ ወደ ገናሌ ይወርዳል። ስለዚህ ደጋው የለቀቀውን የሚጠጣው ከወንዙ በቀር ሌላ ውኃ የሌለው የቆላ አርብቶ አደር ነው።

ጉድጓዱን በሥርዓት የማስቆፈሩ ሥራ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከማኅበረሰብ ነርሶች ጋር ሳኒቴሪያኖችን እያሠለጠነ ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ሲልክ፣ ከእነዚህ ባለሙያዎች ዋና ዋና ተግባራት አንዱ ይኸው ነበር። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1958 ዋግነርና ላኖይ ስለ ገጠርና ስለ አነስተኛ ማኅበረሰቦች የዓይነ ምድር አወጋገድ የጻፉትን መጽሐፍ አሳተመ። በ1970ዎቹ ደግሞ በኔዘርላንድ ጋትዘ ሌቲንጋና ባልደረቦቹ፣ ፍሳሹ በዝቃጭ ንጣፍ ውስጥ ከታች ወደ ላይ እያለፈ ያለ ኦክስጅን የሚጣራበትን ጋን አበጁ። ጋኑ ለቤት ፍሳሽ የተፈተነው በኮሎምቢያዋ ካሊ ከተማ ነው፤ ካሊ ሞቃት አገር መሆኗን ልብ ይሏል።

በኢትዮጵያም ዕጣው ተመሳሳይ ሆነ። በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 የተካሄደው የሮዛ ፕሮጀክት ከናኩሩ፣ ከአሩሻና ከኪትጉም ጋር የመረጠው አርባ ምንጭን ነበር። በዚያም ሽንትን ከዓይነ ምድር የሚለዩ መጸዳጃዎች፣ በተራ የሚያገለግሉ ጥንድ ጉድጓዶችና የባዮጋዝ ጋኖች ተሞከሩ። ሥራው የሚመሰገን ነው። ሆኖም አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ስትሆን፣ ሮቤ ወደ 2,500፣ ጎባ ደግሞ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ብርድ የተሕዋስያኑን ሥራ ስለሚያዘገይ፣ በቆላ የሚበቃው ጋን በደጋ ያንሳል። በጎባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 72 ከመቶ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በውኃ የሚሟሟውም ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ አየር እየነፉ ለሚያጣሩ መሣሪያዎች ይህ ተጨማሪ ወጪ ነው። (የአንድ ቴርሞሜትር ዋጋ ከአንድ ቱቦ ዋጋ የሚያንስ ሆኖ ሳለ፣ የአካባቢው ሙቀት ሳይለካ ንድፍ ሲገለበጥ ማየት ያስገርማል።)

ከሁሉ የሚከብደው የወስፋት ዕንቁላል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ደረቅ ዓይነ ምድር ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ስፍራ ከ1 ዓመት በላይ ሲቀመጥ ይበቃዋል፤ ከ20 በታች በሆነ ስፍራ ግን ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 2 ዓመት መቆየት አለበት። እንግዲህ በአርባ ምንጭ በየዓመቱ የሚፈራረቁት ጥንድ ጉድጓዶች በጎባ ሊሠሩ የሚችሉት እያንዳንዳቸው የሁለት ዓመት እንዲይዙ ሆነው ሲሰፉ፣ ወይም ሦስተኛ ጉድጓድ ሲጨመር ነው። ዝቃጩን ለስንዴ ማሳ ማዳበሪያ ለማድረግ የሚያስብ ባለሙያም ስሌቱን የሚጀምረው ከዚሁ ነው።