ከጽዋው እስከ ቦሩ ሜዳ

ሰው በአእምሮው ብቻ፣ ያለ መጽሐፍና ያለ ነቢይ፣ ፈጣሪውን አውቆ በቀና መንገድ መኖር ይችላል ወይ? የወሎው ገዳም ሐይቅ እስጢፋኖስ የመለሰው በገድል ነው። አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በ14ኛው መቶ ዘመን ለትምህርት ወደዚህ ገዳም ቢገቡም ትምህርቱ አልገባ አላቸው። ጓደኞቻቸው ሲቀጽሉ እሳቸው ለማኅበሩ እህል ይፈጩ ነበር። በመጨረሻ እመቤታችን ጽዋ አጠጣቻቸው፤ ልቡናቸውም በራ ይላል ገድሉ። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ጽዋውን የጠጡት ሰው መጽሐፈ ምሥጢርን ሲጽፉ መናፍቃኑን አንድ በአንድ እየጠሩ የሞገቱት በክርክር ነው።

እዚያው ወሎ፣ ሼሁ ዘንድ የተቀመጠው ደረሳም (የእስልምና ተማሪ) ነህው፣ ማለትም የዐረብኛ ሰዋስው፣ ካጠና በኋላ መንጢቅ፣ ማለትም ሥነ አመክንዮ፣ ይማር ነበር። በአሽዓሪያ አቂዳ (የእምነት ትምህርት) አቅል፣ ማለትም አእምሮ፣ ፈጣሪ መኖሩን ይደርስበታል፤ ግዴታ ግን መልእክተኛ ሳይመጣ በሰው ላይ አይወድቅም። ሁለቱም ወገን እንግዲህ አእምሮን አሠርቶታል እንጂ አላባረረውም።

ከራእይ በላይ ልቡናን ያስቀመጠው የፈላስፋው የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ ነው፤ የሐይቅ ልጅ ሳይሆን የአክሱምና የእንፍራዝ። ጾሙን፣ ምንኩስናውን፣ ባሪያ መሸጡን በልቡና መዝኖ ነቀፈ። ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. የጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሥራ ነው ካለ ወዲህ የደራሲው ነገር እስካሁን ያከራክራል። ደራሲው ማንም ይሁን፣ ባለታሪኩ ወደ ተሸሸገበት ዋሻ ይዞ የገባው መዝሙረ ዳዊትን ነው። ስለዚህ ለአእምሮ ብቻ ምስክር አድርጎ መጥራቱ አይዋጥልኝም።

መገለጥ ብቻ ይበቃል ለሚለውም ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ አለችለት። በግንቦት 1870 ዓ.ም. የተዋሕዶና የሶስት ልደት ሊቃውንት አንዱን መጽሐፍ ይዘው ተሟገቱ። ክርክሩን የቋጨው ግን መጽሐፉ ሳይሆን የአጼ ዮሐንስ አራተኛ አዋጅ ነበር። የወሎ ሙስሊም ሹማምንትም እንዲጠመቁ ታዘዘ። ሊቁ ሼህ ጦልሃ እምቢ ብለው ሸፈቱ፤ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። አዋጁም ቢሆን ጥያቄውን አልዘጋውም፤ የእኚሁ የሚካኤል ልጅ፣ ልጅ ኢያሱ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ወደ እስልምና አዘንብለዋል ተብለው ከዙፋን ወረዱ።