ኡሙ ሰለማ እና የጋይንት እህቶቻችን



የአርብ ገበያ ጎረቤት የሆነችው ነፋስ መውጫ ከነሐሴ 6 እስከ ነሐሴ 15 ቀን 2013 በህወሓት ተዋጊዎች እጅ ነበረች። ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። በኋላ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ያነጋገራቸው 16 የከተማዋ ሴቶች በተዋጊዎቹ መደፈራቸውን ተናግረዋል፤ 14ቱን የደፈሯቸው በቡድን ሆነው ነው። ተሰድበዋል፣ ተደብድበዋል፣ ንብረታቸው ተዘርፏል። ሆስፒታሉም ስለተዘረፈ የሚገባቸውን ሕክምና አላገኙም። የአካባቢው ባለሥልጣናት ደግሞ ጥቃት ደረሰብን ብለው ያመለከቱት ከ70 በላይ መሆናቸውን ገልጸዋል። አፍራ ዝም ያለችውን አላህ ያውቃታል።

በዚያው ጦርነት የትግራይ እህቶቻችንም ተደፍረዋል። ኢሰመኮና የተባበሩት መንግሥታት በጋራ ያወጡት ምርመራ ሁሉንም ተዋጊ ወገኖች የሚነካ ነው። ሱረቱ ኒሳእ በራሳችን ላይ ቢሆን እንኳ ለፍትሕ እንድንቆም ያዘናልና የአንዷን እንባ ቆጥረን የሌላዋን መዝለል አይቻለንም።

እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ከጦሩ በኋላ የሚመጣው ነው። ጎረቤት ይንሾካሾካል፣ ወጣቱ ከኒካሕ ይሸሻል። ይህ ከየትኛው ኪታብ ተገኘ? በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዘመን አንድ ባሪያ አንዲትን ባሪያ አስገድዶ ደፈረ። ዑመር ሰውየውን ገርፈው ከአገር አስወጡት። እሷን ግን ተገዳለችና አልነኳትም። ቡኻሪ ዘግቦታል። ያኔ ባሪያ ለነበረችው የተሰጠ ፍርድ ዛሬ ለነፋስ መውጫዋ ነጻ ሴት እንዴት ይነፈጋል?

አሁን ወደ ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) እንምጣ። በሂጅራ ጊዜ የእሷ ዘመዶች ከባሏ፣ የባሏ ዘመዶች ደግሞ ከልጇ ነጠሏት፤ ዓመት ያህል አለቀሰች። ከዚያ ባሏ አቡ ሰለማ ኡሑድ ላይ በደረሰበት ቁስል ሞተ። ጦርነት ምን እንደሆነ ማንም አይነግራትም። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት ሆና ሳለ፣ ሑደይቢያ ላይ ከቁረይሽ ጋር የ10 ዓመት የሰላም ውል ተፈረመ። ሰሐባዎቹ ውሉ መርሯቸው ነበር። ነብዩ እርዱ፣ ተላጩ ብለው ሦስት ጊዜ ቢያዙም የተነሳ የለም። አዝነው ወደ ድንኳኗ ገቡ። እሷም ለማንም ሳይናገሩ ወጥተው የራሳቸውን መሥዋዕት እንዲያርዱና ላጪያቸውን እንዲጠሩ መከረቻቸው። እንዳለችው አደረጉ፤ ሰሐባዎቹም ተነሱ። 1400 ያህል ሰው የነበረበት ያ ቀውስ በአንዲት ሴት ምክር በረደ።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱን የፈረሙት አምባሳደር ሬድዋን ሁሴንና አቶ ጌታቸው ረዳ ነበሩ። ከአፍሪካ ኅብረት ሦስት አሸማጋዮች መካከል አንዷ፣ ደቡብ አፍሪካዊቷ ፉምዚሌ ምላምቦ-ንጉካ፣ ሴት ናቸው። እሱም አንድ ነገር ነው። በእኛ ሰፈር ግን ደም ለማድረቅ ሱልህ ሲቀመጥ ከሽማግሌዎቹ መሐል ሴት አላየሁም። የሟቹ እናት ጓዳ ሆና ቡና ታፈላለች፤ ምን ትያለሽ ብሎ የሚጠይቃት የለም።