ከምድጃ ሙቀት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ፦ ቅልጥፍናውና የአገልግሎት ዘመኑ

ቴርሞኤሌክትሪክ ጄኔሬተር በሁለት ገጾቹ መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚቀይር መሣሪያ ነው። መሠረቱ የሆነውን ክስተት ቶማስ ሲቤክ ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1821 ነው። በማገዶ ምድጃ ላይ ተገጥሞ ስልክ ለመሙላትና አነስተኛ አምፖል ለማብራት የሚያገለግለው ዓይነት በአብዛኛው ቢስሙት ቴሉራይድ ከተባለ ሴሚኮንዳክተር ይሠራል።

መሣሪያውን ለመግዛት ያሰቡ ተጠቃሚዎች በቅድሚያ ሊገነዘቡት የሚገባው የአቅሙን ውሱንነት ነው። በውስጡ ከሚያልፈው ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው ቢበዛ 5 በመቶ ገደማ ነው። ስለሆነም የሚጠበቀው ጥቂት ዋት ብቻ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያሠራል ብሎ የሚሸጥ ቢኖር ሊታመን አይገባም።

ኃይል ሲያንስ እሳቱን ማብዛት የተለመደ ቢሆንም፣ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው በቀዝቃዛው ገጽ ላይ ነው። የሙቀት ልዩነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚገኘው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ቀዝቃዛውን ገጽ በውኃ ዕቃ ማቀዝቀዝ ከሁሉ ቀላሉ ዘዴ ነው፤ ውኃ እስካለ ድረስ የዕቃው ሙቀት ከመፍያ ነጥቡ ብዙም አያልፍም፤ ይህም በአዲስ አበባ ከፍታ 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ውኃው ተንኖ ካለቀ ግን መሣሪያው በአጭር ጊዜ ሊቃጠል ይችላል።

የሚሽከረከር አካል ስለሌለው አይበላሽም የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። በየዕለቱ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ክፍሎቹ በተለያየ መጠን ስለሚለጠጡና ስለሚኮማተሩ የብየዳ መጋጠሚያዎቹ ቀስ በቀስ ይሰነጠቃሉ። በዚህ ምክንያት ምድጃውን ቀስ በቀስ ማጋል፣ በጋለ መሣሪያ ላይም ቀዝቃዛ ውኃ አለመድፋት ዕድሜውን ያራዝማል።

ሌላው ጥንቃቄ በግዢ ወቅት የሚደረግ ነው። ለማቀዝቀዣነት የሚመረተው የፔልቲየር ሰሌዳ ከጄኔሬተሩ ጋር በመልክ እጅግ ይመሳሰላል፤ ዋጋውም ይረክሳል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የተበየዱበት የቢስሙትና የቆርቆሮ ቅይጥ በ138 ዲግሪ ይቀልጣል። ለኃይል ማመንጫ የተዘጋጁት በአንጻሩ 200 ዲግሪና ከዚያ በላይ እንዲቋቋሙ ሆነው የሚሠሩ በመሆናቸው፣ ገዢው በሰነዱ ላይ የሰፈረውን ከፍተኛ የሙቀት ገደብ አይቶ መግዛት ይኖርበታል።

መሣሪያው ከተዳከመ ከመጣሉ በፊት ሙቀት አስተላላፊው ቅባት መድረቁና ማሰሪያ ብሎኖቹ መላላታቸው ይፈተሽ። ሁለቱም ደህና ሆነው የውስጥ ሬዚስታንሱ ከአዲሱ መጠን በእጅጉ ከጨመረ መጋጠሚያው ተሰንጥቋል ማለት ስለሚሆን ሰሌዳው ብቻ ይቀየራል።